ሽምብራ የመሰሉኝ ወፎች

መቱ የገባሁት ከደብረ ብርሃን ተድሬ ነው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ቢሆንም ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አመሌ ነውና፣ የባሌ አባት ሲታመሙ «ማስታመሙን ለእኔ ተዉት» አልኩ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። በጥሩ አማርኛ ሲቀልዱብኝ የኖሩት ሰው አማርኛው ጨርሶ ጠፋባቸው፤ የቀረላቸው ኦሮምኛም ተኮላተፈ።

ገና እንደተኙ መስኮቱን ዘጋሁት። እኔ ባደግሁበት በሽተኛን ነፋስ አያስነኩትም።

አንድ ጠዋት እጄን ያዝ አድርገው «ሽምቢራ» አሉኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም! እህል አላስጠጋ ያሉ ሰው ሽምብራ አማራቸው። ሱቅ ሮጬ ገዛሁና ቀቀልኩላቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ቆላሁት። «ሽምቢራ» አሉ ደግመው፣ እንባ አቅርረው። እኔም ብሽቅ አልኩ። እኚህ ሰው የምን አገር ሽምብራ ነው የሚፈልጉት?

እማማ፣ የባሌ እናት፣ ቡና ሊያስለቅሙ ከሄዱበት ከሁሩሙ ሲመለሱ ሳህኑን አዩት።

«ይሄ ሁሉ ሽምብራ ምንድነው?»

«አባ ጠይቀውኝ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዳመጧቸውና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሲምቢራ ነው የሚሉሽ፣ ልጄ። ወፍ! መስኮቱን ክፈቺላቸው።»

«ነፋሱስ?»

«ነፋሱን ተይው።»

ከፈትኩት። ከደኑ የመጡ ጥቂት ትንንሽ ወፎች ደጃፉ ላይ ካለው የኮርች ዛፍ ላይ ሰፍረዋል፤ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ሆዳቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ዙሪያውን በነጭ የተኳለ። አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳሉ፣ በቀጭን ድምፅ እየተጠራሩ። ስንት ጊዜ በሥራቸው አልፌ ልብ ብያቸው አላውቅም። አባ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ወፎቹን አሳዩኝና፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብለው «ሲም-ቢ-ራ» አሉ። ተከትዬ አልኩ። ያን ቀን ከእጄ ገንፎ ጎረሱ።

ብዙ ግን አልቆዩም። ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት ሰው እየሰማ፣ «መስኮት ተከፍቶባቸው ነፋስ ነው የገደላቸው» አለች። አንገቴን ደፋሁ፤ እውነቷን መሰለኝ። እማማ ከነጠላቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ጉልበቴን ያዙና፣ «እኔም የተኛሁ ቀን እንዳትዘጊብኝ» አሉኝ።