በመገበሪያው ቁና ስንት ነው?

ደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል ቆሜ የእህል ማስቀመጫ ቤቶችን ዋጋ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ድረስ አላፍርበትም፤ እንዲያውም ወሬው ሲነሳ ደስ ይለኛል። ልጆቼ «አሁንስ ሰለቸን» ይሉኛል። ይሰልቻቸው! ያሳደጋቸው እህል ዘሩ ከዚያ ቀን የተረፈው ነው።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ ጫካ ገብቷል። እኔና አማቴ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን ባዶ ቤት እንጠብቃለን። አባወራው ጫካ የገባበት ቤት ደግሞ መቃጠሉ አይቀርም ነበር፤ ከኛ በላይ ያለው መንደር ጎተራው ሳይቀር ነዷል። እናም በጥር፣ አውድማው እንዳለቀ፣ አርባ ቁና ጤፍ በሁለት አህያ ጭነን ወደ ከተማ ወረድን። ጣሊያን ምሽጉን እዚያ ስለሠራ የገዛ ሰፈሩን አያቃጥልም፣ እህልም ይድናል ተብሎ ነው። ከአርባው ሃያው ዘራችን ነው፤ የቀረው የክረምት ቀለባችን። ዘሩ ከጠፋ ሐምሌ ላይ መሬታችን ጦም ያድራል። መሬቱ ጦም ካደረ ደግሞ እኛም ጦም ማደራችን ነው።

እህል በአደራ የሚያስቀምጡ ሦስት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ከገበያው በታች፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ ቆርቆሮ የለበሰው። ኪራዩ በየወሩ ከእህሉ ላይ እየተሰፈረ የሚወሰድ ነው። በጣሊያኑ ገንዘብ፣ በሊሬማ ማን አምኖ! እኛ ዝናብ አያስገባም ብለን ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄድን። ባለቤቱ አፉ ማር የሆነ ሰው ነበር። እኔ «ጌታዬ፣ በወር ስንት ነው የሚወስዱት?» ልል አፌን ስከፍት አማቴ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ።

«አንጣላም እማማ!» አላቸው ሰውየው ቀድሞኝ። «በናንተና በኔ መሐል ደግሞ ዋጋ ይነሳል እንዴ?»

«እግዜር ይስጥልን ልጄ» አሉ አማቴ።

አማቴ የጨዋ ልጅ ናቸው። አደራ የሚሰጡትን ሰው ዋጋ መጠየቅ «አላምንህም» እንደማለት ነው፤ ነውር ነው። እኔም በሆዴ እያጉረመረምኩ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኛ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በመጋቢት መጨረሻ እህላችንን ላይ ብዬ ተመለስኩ። ሰውየው በሁለት ወር ስምንት ቁና ወስዷል። ከእያንዳንዱ ጭነት በወር ሁለት ሁለት ማለት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ በዚሁ ከቀጠለ አሥራ ስድስት ቁና ይቀረናል። አሥራ ስድስት! ቀለቡ ይቅርና ዘሩም አይሞላ። መስፈሪያውን ደግሞ አየሁት፤ ሆዱ የተነፋ፣ ከሌላው ቁና አብልጦ የሚይዝ።

«ጌታዬ፣ ይኼን ያህል እንደሚወስዱ እኮ አልነገሩንም።»

«ጠይቃችሁኝ ነበር?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

ይኼን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ከሁሉ ያቃጠለኝ እውነቱን መሆኑ ነው። አልጠየቅነውም።

ላውጣው ብል ወዴት ልውሰደው? ሁለቱን ሌሎች ቤቶች ሄጄ ጠየቅኩ። እዚያም «አንጣላም»፣ እዚህም «አንጣላም»። ኤዲያ! በሰላም የሚገፍፍ አገር! እንግዲህ ባለቤቶቹ ካልነገሩኝ አስቀማጮቹን ልጠይቅ ብዬ አህዮች ከሚጫኑበት ከገበያው ዳር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ማንም አይናገርም። ተሞኝቻለሁ ብሎ ማን ያወራል? እኔ የራሴን ስምንት ቁና እያነሳሁ «ሞኟ እኔ ነኝ፣ እናንተስ?» ስል ግን አፋቸው ተፈታ። ከደምበጫ የመጣች ሴት ቆርቆሮው ቤት ለአንድ ጭነት በወር አንድ ቁና ትከፍላለች፤ አንድ የደጀን ነጋዴ እዚያው ቤት ሦስት። ፊት እየታየ ነው ለካ! የወንዙ ማዶ ቤት ለሁሉም «አንድ ቁና» ይላል አሉ፤ ቁናው ግን የሁለት ያህል ነው። ወይ ጉድ! ዋጋውን ብናውቅስ መስፈሪያው ካልታወቀ ምን ዋጋ አለው?

ይኼን ሁሉ ለአማቴ ስነግራቸው ቤተ ክርስቲያኑ ትዝ አላቸው። ከገበያው በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ በየዓመቱ ለመገበሪያ፣ ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴ የሚሰፍርበት አሮጌ ቁና አለ። በዚያ ቁና ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ሄደን ንብረቱን የሚጠብቁትን ቄሰ ገበዝ አነጋገርናቸው።

«የመቅደስ ዕቃ ገበያ አይወጣም ልጄ» አሉኝ።

«አይውጣ አባ። እኛ ልኩን ይዘን እንውጣ።»

አማቴ ሰፌድና ቁና በመስፋት በአገሩ የታወቁ ናቸው። ሦስት ቀን ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰፉ። እየሰፉ ከመገበሪያው ቁና ጤፍ ያስገለብጣሉ፤ ከአፉ አንድ ጭብጥ ሲተርፍ ያከሉትን ይፈታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ «እሜቴ፣ ጭብጥ ጤፍ ማን ያያል?» አልኳቸው። ቀና ብለው ባዩኝ ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዙ የመገበሪያውን ቁና ሞልተው በመዳፋቸው ላጉትና ወደ አማቴ ቁና ገለበጡት። ልክክ አለ፤ ፍሬ አልተረፈ፣ ፍሬ አልጎደለ። «የሚጠራጠር ይምጣና እኔው ፊት ይስፈር» አሉ አባ።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! እህሏን የምታወጣ ሴት ባገኘሁ ቁጥር ከደጃፉ ቁርበት አንጥፈን ባለቤቱ የወሰደባትን ያህል በኛ ቁና ደግመን እንሰፍራለን። የቆርቆሮው ቤት አራት ቁና በኛ አምስት ሆኖ ተገኘ። የኛ ስምንት አሥር ነበረ፣ የቀረንም ሠላሳ ብቻ ነው ማለት ነው! ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ቁናውን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ጮህኩ፦ «ስሙ! ለአንድ ጭነት፣ በወር፣ በመገበሪያው ቁና! ከገበያው በታች ያለው ቤት አንድ ተኩል። የወንዙ ማዶ ሁለት። ቆርቆሮው ቤት እንደ ፊታችሁ፣ ከአንድ እስከ አራት ሊጠጋ!»

ሰው ሳቀ። ሲስቅ ግን እየሰማ ነው።

ወደ ቤት ልንነሳ ስንል የቆርቆሮው ቤት ሰውዬ አህያችን ዘንድ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ልጅ፣ የቀረሽን ሠላሳ ቁና እስከ ሐምሌ በነፃ ላኑርልሽ። አንድ ፍሬ አልነካም። ብቻ በሚመጣው ቅዳሜ ርካሹ ቤት የኔ ነው በይ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ከዳኝ። ሠላሳ ቁና! ዘራችን ሙሉ፣ ከዚያም አሥር ለገንፎ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድኩ። ለነገሩ የገበያው ሰው ምኔ ነው? አንድ ቅዳሜ ብዋሽ ማን ይሞታል? ቤት ስንደርስ ለአማቴ «እንቀበለው ይሆን?» አልኳቸው። ቁናውን አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጭብጥ ሲተርፍ የፈታሁት ለዚህ ነው?» አሉኝ። «አፋችንን አምና ዘሯን እዚያ የምታገባ ሴት ሐምሌ ላይ ምን ትዝራ?»

አፈርኩ። እውነተኛውን ሀፍረት ያን ቀን አወቅኩት፤ ዋጋ መጠየቅስ ሀፍረት አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱንም ዋጋ እንደ ነበረው ተናገርኩ። የቀረበልኝንም ነፃ ማስቀመጫ አልደበቅኩም። ገበያው ጉድ አለ! ወዲያው ጠመንጃ ያነገተ ባንዳ ሰውን እየገፋ መጣ።

«መሰብሰብ ክልክል ነው! ምንድን ነው የምትሰብኪው?»

«ስለ ቁና ነው ጌታዬ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ቆርቆሮው ቤት በስፍር ይበድላል ነው የምለው።»

ጎንበስ አለና «የኔም ገብስ እዚያ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ለአንድ ጭነት አራት ይወስድብኛል። በናንተ ቁና ስንት ይሆናል?»

«አምስት ነዋ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውን መበተኑን ትቶ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገሰገሰ። ከኋላው የተሳቀው ሳቅ! እንዲያ ስንስቅ ጣሊያን ከገባ ወዲህ የመጀመሪያችን ነበር።

ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆርቆሮው ቤት ግማሹ ባዶ ሆነ፤ አህያ ሁሉ ወደ ታችኛው ቤት ዞረ። የታችኛው ቤት ባለቤት ብልህ ነው፤ ቁናውን ከኛ ቁና ጋር አስተካክሎ ደጃፉ ላይ ሰቀለና «ለጭነት አንድ» ብሎ አስነገረ። እኛም እህላችንን ልናወጣ ሄድን። ያ አፈ ማር እጅ ነስቶ ተቀበለን። ምነው፣ እዚሁ ይቆይ፣ አስተካክላለሁ ይላል።

እኔ ልመልስ ስል የአማቴ ክርን መጣ። ዝም በይ ማለታቸው መስሎኝ ልቃጠል ነበር። ለካ ተራው የሳቸው ኖሯል።

«ስንት ነው?» አሉት።

«አንጣላም እማማ...»

«እንጣላ!» አሉ አማቴ። ያ ለስላሳ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ግድ የለም ልጄ፣ ዛሬ እንጣላ! አሁን፣ ሰው እየሰማ፣ በዚህ ቁና ስንት ነው?»

ሰውየው ቁናውን አየ፣ ከበር የቆሙትን ሴቶች አየ።

«አንድ» አለ። «ለጭነት፣ በወር፣ አንድ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

እሰይ! ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት። አማቴ ያን ዕለት ያነሱትን ራስ እስኪሞቱ አልደፉም።

ሐምሌ ገባ፤ እዚያው የተውነውን እህላችንን በኛው ቁና ሰፍረን ተረከብን። የሦስት ወሩ ኪራይ ስድስት ቁና ተቀንሶ ሃያ አራት ሆነ፤ ሃያው ዘር፣ አራቱ ለገንፎ። ጎረቤታችን በጥማዱ አረሰልን። አማቴ ቁናውን በክንዳቸው አቅፈው ከማሳው ዳር ቆሙ፤ ዘሪው መዳፉ ባዶ በሆነ ቁጥር እየሄዱ ይሞሉለታል። ባሌ በምሽት ከጫካ ሾልኮ ሲመጣ መሬቱ በሙሉ ለምልሞ አገኘው። «ይኼን ሁሉ ዘር ከየት አመጣችሁት?» አለን።

«ጠይቀን» አሉት እናቱ።