ዋሳ ሆኖ የቀረው የብስኩት ሊጥ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦ በገዛ እጄ ተቦክቶ ፍሪጅ ውስጥ ያደረው የኦቾሎኒ ብስኩት ሊጥ ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና በሚገኘው ቤታችን ማረፉን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ጠዋት ቆራርጬ ልጋግረው ነበር፤ ዛሬ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ለሄደችው እህቴ ለትግስት ስንቅ።

"ማንም እንዳይነካው!" ብዬ ለቤቱ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ሳቁብኝ። ሻይ ውስጥ ጨው የሚጨምርባቸው ልጅ የምሩን ሲያወራ ማን ይሰማዋል?

ስነሳ፣ ለሽኝት ከሆመቾ የመጣችው አክስቴ ራሷ ያመጣችው የቆጮ ሊጥ መስሏት በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ዋሳ፣ የቆጮ ቂጣ ማለት ነው፣ አድርጋ ጋግራዋለች። ስኳሩ አርሮ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል።

"አንተ ልጅ፣ ዋሳዬ ውስጥ ኦቾሎኒ የጨመርክብኝ አንተ ነህ አይደል?" ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ! ጉድ እኮ ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ ትግስት "ብስኩቴስ?" አለች።

"አክስቴ ዋሳ አደረገችው።"

"ዛሬ እንኳን አትቀልድ። ረሳሁት በለኝ፣ ይሻላል።"

ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። በመስኮት እንኳን አላየችኝም።

እውነት ተናግራችሁ ቀልድ የተባለባችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ኑ፣ አብረን እንማረር።

ለነገሩ ብስኩት ነው። አዲስ አበባ በየሱቁ ሞልቷል።