ለስፌት መኪናዋ የተሠራው መድረክ

ሶፋ ሰሪውን ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል። ሲሠራ ጥቃቅን ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ ስለሚውል፣ ለሰላምታም ለጥያቄም መልሱ «እምም» ነው። ሚስቱ «አፉ ባዶ ቢሆን ኖሮ እኮ ድሮ ተፋትተን ነበር» እያለች ደንበኛውን ሁሉ ታስቃለች።

የሚስማር ሱቅ ወንዝ ዳር፣ ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለች ክፍል ናት። አምና ውኃው ደፏን ነክቶ ሲመለስ ሚስማር ደነገጠና ኢንሹራንስ ገባ። ያዋዋለው ወጣት ሱቋን ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ነገር አጥብቆ ነገረው፤ ጎርፍ ሲመጣ የስፌት መኪናዋ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ካላለች ካሳ የሚባል ነገር የለም። ሚስማር በብሎኬትና በሳንቃ፣ ለእሷ ልክ የሆነ መድረክ ሠራ። ባልና ሚስት ማንሳቱንም ተለማመዱ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ! ወገቤን ገደልከው አንተ ሰውዬ!»

ውኃው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ላይኛው አገር ነበር። ደረጃው በአንዴ ፏፏቴ ሆነ። ሚስት የመኪናዋን እግር ስትጨብጥ፣ ሚስማር ወለሉ ላይ ያለውን ወንበር አቀፈ። ጨርቁ ገና ያልተጨረሰ፣ የአንዲት ደንበኛ፣ የጡረተኛ ዳይሬክተር ወንበር ነው።

«ምን ነካህ? መኪናዋን!»

«የሰው ዕቃ ይቀድማል!» ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ይህችን ነገር በጥፊ ነው ያስገቡለት።

መድረኩ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ወንበሩ ወጣበት። መኪናዋ ዓይናቸው እያየ ሰጠመች፤ ውኃው ሲጎድል ሆዷ ጭቃ ጎርሶ፣ ዘንጓ ተጣሞ ተገኘች።

በሦስተኛው ቀን ያው ወጣት መጣና መድረኩን በሜትር ለካ።

«ጎበዝ ነዎት ጋሼ፣ ልክ አንድ ሜትር። ግን ሌላ ዕቃ ነው ያወጡበት።» ወንበሩን ከነመድረኩ ፎቶ አነሳ፤ ለማስረጃ።

ከሰዓት ዳይሬክተሯ መጡ። ወንበሩን ዳሰሱ፣ አሸተቱ።

«ደረቅ ነው እትዬ፣ ጠብታ አልነካውም» አለ ሚስማር። «የቀረውን በእጄ ሰፍቼ እጨርሰዋለሁ።»

«በእጅ? ይቅርብኝ። ደግሞ ማን አድንልኝ አለህ? የቤት ዕቃዬ በሙሉ ኢንሹራንስ አለው፣ የትም ይሁን የት። ጎርፉ ቢወስደው ኖሮ አዲስ ይሰጡኝ ነበር፤ አሁን ይኼን አሮጌ ታቅፌ ልቅር?»

ሚስት ጠርጋ የማትጨርሰው ጭቃ ውስጥ ቆማ ባሏን አየችው። «መልስላቸው እንጂ! ለምን እንዳዳንከው ንገራቸው!»

«እምም» አለ ሚስማር። አፉ ውስጥ አንድም ሚስማር አልነበረም።