የአሰብ መንገድ ዘይት

አከራዬን ፊት ለፊት እትዬና እርስዎ እላታለሁ። በልቤ ግን አንቺ ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እዚህም የምጽፈው እንደ ልቤ ነው።

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ እሷ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ የተማሪ ሰርቪስ ነው። በአሮጌ መኪናዬ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። የምበላውም ኪራይ የምከፍለውም ከዚያ ነው። ልጅ ስለማመላልስ ሰው ሁሉ ጨዋና ታጋሽ አድርጎ ያስበኛል። ትዕግሥቴን ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ አውጥቼ ስለምጨርሰው ለሌላ ሰው የሚተርፍ የለኝም።

የጠባችን መነሻ የመኪናዬ የጠዋት ድምፅ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተሯ ቁልፍ ሲዞርበት ጠጠር ያለበት ጣሳ የሚነቀንቁ ይመስል ለጥቂት ጊዜ ይንኳኳል፤ ከዚያ እየሞቀ ሲሄድ ዝም ይላል። ለኔ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነበር። ለአከራዬ ግን የመኝታ ቤቷ መስኮት መኪናዬ ከምትቆምበት ፊት ለፊት ስለሆነ ጥይት ነበር፣ ወይም እንደዚያ ትል ነበር። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ መብራቷን በርቶ ነው የማገኘው። እኔን ለመያዝ አድብታ እንደምትጠብቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ቁልፉን ከማዞሬ መስኮቱ ይከፈታል።

«ዛሬም አላስተኛሽኝም» ትለኛለች።

«ይቅርታ እትዬ።»

«ይቅርታሽን ቀቅለሽ ብዪው። እንቅልፌን መልሺልኝ።»

እንዲህ እንዲህ እየተባባልን ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲበረታ ድምፁም ባሰበት፣ እሷም ባሰባት። አንድ ቀን ልጆቹን አድርሼ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ይቺ ማኪና ከግቢዬ ትውጣልኝ። አንቺ መኖር ትችያለሽ፣ እሷ ግን አታድርም።»

የዚህን ትርጉም የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል። መንገዳችን ጠባብና ቁልቁል ነው፤ የቆመ መኪና ካለ ሌላ አያሳልፍም። ውጭ ያደረ መኪና ደግሞ ስፖኪዮውን እንደያዘ አይነጋለትም። መኪና የሚያስገባ በር ያለው ሌላ ግቢ በኔ አቅም አይገኝም። መኪናዋ ከወጣች እኔም ወጣሁ ማለት ነው፤ ሥራዬም አብሮኝ ይወጣል። ይህን እያወቀች ነው «አንቺ መኖር ትችያለሽ» ያለችኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

በኛ ሰፈር ወረዳ ከመሮጥ በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል። ሁለቱም ወገን የሚያምነውን ሰው ይጠራል። እኔ መንገዱ አፍ ላይ ሱቅ ያላቸውን ሐጂን ጠራሁ፤ የማያውቁትን አውቃለሁ የማይሉ ሰው ናቸው። እሷ የገዛ ወንድሟን ጠራች። ወንድም እንዴት ሽማግሌ ይሆናል ብል ማን ይሰማኛል? ሰውየው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው እዚያው ግቢ ጓሮ ካለችው ክፍል ይኖራሉ። ስለ መኪና ነገር የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ መኪና ሲገዛ እሳቸውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱካ ላይ ተቀመጡ። አከራዬ መስኮቷ ሥር ቆመች። አስነሺ ተባልኩ፣ አስነሳሁ፣ ተንኳኳ። ወንድምየው አንድ ጣታቸውን አንስተው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘይቱ ቀጥኖ ነው» አሉ። «ያረጀ ሞተር እንደ ሽማግሌ ነው፣ ወፍራም ይፈልጋል። እኛ አሰብ ስንወርድ በቀጭን ዘይት የወረደ ሁሉ ሞተሩን አቃጥሎ ነው በረሃ ላይ የቀረው።»

«እኔ ስለ ማኪና አላውቅም» አሉ ሐጂ። «ያወቀ ከተናገረ ይሁን።»

ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ እኔ ወፍራም ዘይት አስገብቼ የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮም አስቀይሬ፣ የታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ተመልሰው ይሰማሉ። ያን ጊዜም ከተንኳኳ መኪናዋ ትወጣለች። አከራዬ «ሰማሽ?» አለችኝ፣ እንዳልሰማሁ ሁሉ።

የወሰድኳት ጋራዥ ያለው መካኒክ የሰውየውን ምክር ስነግረው «ልክ ናቸው እህቴ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዋ ከሃያ ሃምሳ የቀጠነ ዘይት ማስገባት እሷን መግደል ነው አለ። ሃያ ሃምሳ የሚሉት የወፍራሙን ዘይት ቁጥር ነው። ስለ ፊልትሮው ስጠይቀው «ፊልትሮ ያው ፊልትሮ ነው» ብሎ እጁ የደረሰበትን አንስቶ ገጠመ። እኔም ሁለት ወንዶች ተስማምተውበታል ብዬ አመንኩ። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

በማግስቱ ቁልፉን ሳዞር ሰፈሩ የሚፈርስ መሰለኝ። ያ ቶሎ ያልፍ የነበረው መንኳኳት ረዘመ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት አልጠፋ ብላ ታፈጥብኛለች። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። አከራዬ በመስኮት ሆና ፈገግ አለችና መጋረጃውን መለሰችው። ከዚያ ፈገግታ ስድቧን እመርጥ ነበር። ወንድሟ ደግሞ «ገና ነው፣ ሞተሩ ይለምደዋል» ይሉኝ ጀመር። ኅዳር እየተጋመሰ ነበር፣ ሞተሩም ምንም አልለመደም።

አንድ ጠዋት ትምህርት አልነበረም፣ ፍርፍር ልሠራ ሽንኩርት ከተፍኩ። የፓልም ዘይቱን ጀሪካን ስዘቀዝቀው ጠብ የሚል ነገር የለም። ጉለሌ ውስጥ በኅዳር የፓልም ዘይት እንደሚረጋ የማያውቅ ወጥ ቤት የለም። ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ ውሃ አሙቄ ጀሪካኑን ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። እሱ እስኪቀልጥ ቆሜ አከራዬን በልቤ እየተሳደብኩ ሳለሁ እጄ ሳፋው ላይ ቀረ። ይህ ዘይት ብርድ መታው፣ ረጋ። ያኛውስ ዘይት ያደረው የት ነው?

ከመካኒኩ የተረፈኝ ወፍራም ዘይት ከበሬ ውጭ በጣሳው ነበር። ሄጄ አጋደልኩት። ማር ይመስል ተንፏቅቆ ነው የመጣው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሜ አጋደልኩት፤ ያን ጊዜ እንደ ውሃ ወረደ። ነገሩ ገባኝ። ሞተሩ የሚንኳኳው ዘይቱ ከሥር ተነስቶ ላይኛው ብረት ጋ እስኪደርስ ነው። እኔ ደግሞ እግሩ የማይራመድ ዘይት ጨምሬበት፣ ብረት በደረቁ ከብረት ሲጋጭ ቆሜ እሰማለሁ። የሰውየው ምክር ለአሰብ በረሃ ልክ ነበር። የኛ ሰፈር ግን እንጦጦ ሥር ነው።

ጣሳውን ይዤ ጓሮ ሄድኩ። ሰውየው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘይት ጠዋት እኮ አይንቀሳቀስም። እንደ ፓልም ዘይት ነው የሚሆነው።»

«ሽንኩርት ማቁላላትና ሞተር አንድ አይደለም» አሉኝ። «አንቺ ሳትወለጂ እኔ ደናክል ላይ ሞተር አውርጄ ገጥሜያለሁ።»

«እሱ ደናክል ነው ጋሼ። እዚያ ጋቢ ለብሰው ነበር የሚነዱት?»

ጋቢያቸውን አዩት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትልቅ ሰው ተናግሬ አዝናለሁ የምል ሰው አይደለሁም፤ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

መኪናዋ የምትፈልገው የዘይት ቁጥር የዘይት መጨመሪያ ክዳኗ ላይ ተጽፏል። አምስት ሠላሳ ይላል፤ የቀጭኑ ዘይት ቁጥር ነው። ያ ሁሉ ወንድ ክዳኑን ከፍቶ ሲዘጋ አንዱም አላነበበውም፣ እኔም ጭምር። የዘይት ሻጩ «ለአሮጌ ይሄ አይሆንም እናቴ፣ ዘይት ትበላለች» ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ትብላ፣ አንተን አትጠይቅህም አልኩት። ቀጭኑን ዘይት ካስገባሁ በኋላ ቀይዋ መብራት ቶሎ ትጠፋ ጀመር፣ ድምፁም አጠረ። ግን አልጠፋም። ገና ስትነሳ አንድ አፍታ ትንኳኳና ዝም ትላለች። ለአከራዬ ደግሞ አንድ አፍታ ይበቃታል።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለ ፊልትሮ የተሠሩ ቪዲዮዎች አያለሁ። ከነዚያ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ደህና ፊልትሮ አፉ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በስተጀርባ ለስላሳ ጎማ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ ያ ጎማ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ዘይቱን እዚያው ይይዘዋል። ጎማው ደረቅ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ሥር ያልቃል፣ ጠዋት ባዶ ፊልትሮ ነው የሚጠብቅሽ። መካኒኩ «ያው ፊልትሮ ነው» ያለኝን አስታውሼ ጥርሴን ነከስኩ።

መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ ለመኪናዬ የሚሆነውን ፊልትሮ ሁሉ አስደረደርኩ። ስልኬን እያበራሁ አንድ በአንድ ቀዳዳቸውን አየሁ፣ በክብሪት እንጨት እየነካሁ ጎማቸውን ፈተንኩ። አንዱ ፕላስቲክ ይመስል ደረቅ ነው፣ አንዱ ምንም የለውም።

«ፊልትሮ ነው ወይስ ሎሚ የምትመርጪው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ሎሚማ ቢሆን አንተን አምኜ እወስድ ነበር።»

ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብሎ ማለ። ሲነኩት እጥፍ ብሎ የሚመለስ ጎማ ያለውን አንዱን ወሰድኩና ወጣሁ። ከኋላዬ የተናገረውን ሰምቻለሁ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ፊልትሮውን አስገጠምኩ፤ የታኅሣሡ ቅዳሜም ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ዱካቸው ላይ፣ አከራዬ መስኮቷ ሥር። ወንድሟ ጓሮ ከተነጋገርንበት ቀን ወዲህ አላናገሩኝም። እኔ ቁልፍ ይዤ ወደ መኪናው ስሄድ አከራዬ አስቆመችኝ።

«ቀድማ አሙቃት ቢሆንስ? ይነካልኝ።»

ሐጂ ተነስተው መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ ዘረጉ። «በረዶ ነው» አሉና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ግቢው ጸጥ እንዳለ ቀረ። ወንድምየው ጣታቸውን እንዳነሱ ይጠብቃሉ።

«በይ አስነሺዋ» አሉኝ።

«ተነስታለች» አሉ ሐጂ።

መኪናዋ እንድታድር ተፈረደ። አከራዬ «ዛሬ ለናንተ ብላ ነው» ብላ ገባች። እንዳሸነፍኩ አውቄ ቁርሴን በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ ማለዳ ሞተሩ ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ፤ መስኮቱ ግን ተከፈተ።

«ዛሬም አላስተኛሽኝም።»

ማክሰኞም እንደዚያው፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ይህ ክፋት ነው አልኩ፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሽማግሌ የፈረደውን በአፏ እያፈረሰች ነው። ለልጆቹ ያስቀመጥኩት ትዕግሥት እየተሸረሸረ፣ አንድ ቀን የምላትን ቃል በልቤ እየሳልኩ ከረምኩ።

ጥር ላይ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀን ተዘጋ። የመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቻለሁ። በሬ ተደበደበ። ከፈትኩ። አከራዬ ናት፣ ነጠላዋን በሌሊት ልብሷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«ሽማግሌ ፈረደ ብለሽ ንቀሽኝ ነው? ዛሬም በዚያ ማኪናሽ ቀሰቀስሽኝ።»

በባዶ እግሬ ወጣሁ፣ ክንዷን ይዤ እስከ መኪናው ወሰድኳት፣ ሐጂ እንዳደረጉት መዳፏን ኮፋኖው ላይ ዘረጋሁት። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ያልተነካ ብረት ነው፤ ጤዛ አርፎበታል። የሳልኩት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ እሷ እስክትናገር ብቻ ነው የጠበቅኩት።

እጇን አላነሳችም። ኮፋኖውን አየች፣ መብራቱ የበራውን መስኮቷን አየች።

«ታዲያ ማነው የሚቀሰቅሰኝ?» አለችኝ።

«አላውቅም እትዬ» አልኳት። እግሬን ስለበረደኝ ገባሁ፤ በሩን ስዘጋ እጇ አሁንም ኮፋኖው ላይ ነበር።