የበጉ ሞራ ንጹህ ነበር

አባቴ ሞራ ገላጭ ናቸው። በግ ሲታረድ አንጀቱን የሚሸፍነውን ስስ ስብ ወደ ፀሐይ ዘርግተው፣ ደም ሥሩን እያዩ፣ ዝናቡንም የቤቱን ሰው ዕድሜም ይናገራሉ። የነፍስ አባታችን ይቆጧቸዋል፤ የራሳቸው በግ ሲታረድ ግን ቄሱም ሰረቅ አድርገው አባቴን ማየታቸው አይቀርም።

ታላቅ ወንድሜን ሆዱን ያመመው ገብስ አጨዳ ላይ ነው። መጀመሪያ እምብርቱ ዙሪያ ነበር፤ በኋላ ወደ ቀኝ ጎኑ ወረደ። እህል አልረጋ አለው። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክመነው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። ዳገቱን ስንጨርስ ድንገት ቀና አለና "ሕመሙ ተወኝ እኮ" አለ። ውሃ ጠየቀ፤ ሳቀም። አንዱ ተሸካሚ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ እኛም ተመስገን ብለን ቃሬዛውን አዙረን ተመለስን።

አባቴ ደስ ብሏቸው በግ አረዱ። ሞራውን ዘርግተው ትክ ብለው አዩት። "ንጹህ ነው፤ ከዚህ ቤት ሬሳ አይወጣም" አሉ። ማን አያምናቸውም?

በማግስቱ የወንድሜ ሆድ እንደ ጣውላ ደረቀ። ነጠላው ሲነካው እንኳ ያቃስት ነበር። ሆስፒታል ስናደርሰው ወዲያው ቀዶ ጥገና አስገቡት።

ሐኪሟ ወጥታ አስረዳችን። ሆድ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፤ አንዱ ገጹ የሆድን ግድግዳ፣ ሌላው አንጀትን ያለብሳል። በመሃላቸው ባለው ትንሽ ፈሳሽ አንጀት ሳይፋተግ ይንሸራተታል። ያበጠች ትርፍ አንጀት ስትፈነዳ ውጥረቱ ይለቅና ሕመሙ ለጊዜው ይተዋል፤ መግሉ ግን ሽፋኑን ሁሉ ያዳርሳል። ለካ ዳገቱ ላይ "ተወኝ" ያለን ስትፈነዳ ነው።

አባቴ ቀስ ብለው "የእሱስ ሞራ?" አሏት።

"ቁስሉ ላይ ተጠቅልሎ አገኘነው፣ አባቴ። ሊከልለው ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም።"

ወንድሜ አልዳነም። ለቀስተኛው "ቀኑ ደርሶ ነው" ሲለኝ አንጀቴ ያርራል። የምን ቀን? ከመንገድ የመለስነው ሰው ነው። ዛሬም ያንን በግ እረግማለሁ። በጉ ምን አጠፋ? አባቴን መርገም ስለማልችል ነው።

አሁን ልጄ ሆዴን ብላ ስታለቅስ እችለዋለሁ። ዝም ስትል ነው ሥራዬን ጥዬ የምሮጠው። ሆዷን እየተጫንኩ አሁንም አሁንም እጠይቃታለሁ። "ደህና ነኝ እኮ፣ እማዬ" ትለኛለች፤ አላምናትም።