እናቴ የነከረችው እጀታ

ጠመንጃ መግዛቴን ለእናቴ አልነገርኳትም። ከወሎ አሜሪካ መጥታ አሌክሳንድሪያ አብራኝ መኖር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም ነበር። ታክሲ እነዳለሁ፤ አንድ ተሳፋሪ ማጅራቴ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ከዘረፈኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሽጉጥ ልገዛ ሄጄ ረጅሙን ይዤ ተመለስኩ። ለታክሲ ነጂ ረጅም ጠመንጃ ምን ይሠራለታል? ምንም። ግን ስይዘው ፍርሃቱ የለቀቀኝ መሰለኝ፤ ወደድኩት።

የወደድኩትን ነገር ደግሞ ካላሳመርኩ አላርፍም። ብረቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እጀታውና የበርሜሉ ሽፋን ግን ከእሱ ጋር አይመሳሰሉም። በዚያ ቀለም የተሠራ ስላጣሁ ነጭ የፕላስቲክ እጀታና ሽፋን ገዛሁና በልብስ ማቅለሚያ ልነክረው አሮጌ ድስት ጣድኩ። የመጀመሪያው ዥጉርጉር ሆኖ ወጣ። ስበሳጭ ሰምታ እናቴ ወደ ኩሽና መጣች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የመሰርሰሪያ እጀታ ነው፣ እማ።"

ውሸቱ ከአፌ እንዴት ቶሎ እንደወጣ እስካሁን ይገርመኛል።

ሳቀችብኝ። አገር ቤት ለስፌት የሚሆን አለላ ስትነክር ነው የኖረችው። "ቅባቱን ሳያጥብ ማን ይነክራል? ወዲያ በል!" ብላ ገፋ አደረገችኝ። በሳሙና ፈትጋ አጠበችው፣ እሳቱን ቀነሰች፣ ቆማ አማሰለች። እያወጣች በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች፤ "ገና ነው" ትልና ትመልሰዋለች። ዥጉርጉሩን ሳይቀር አስተካከለችው። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም። እዚህ አገር እሷ ከሁላችን የምትበልጥበት ሥራ አግኝታ አታውቅም ነበር። ደስታዋን እያየሁ አፈርኩ፤ ግን እውነቱን አልነገርኳትም።

በማግስቱ መኝታ ቤቴ ጠመንጃው ላይ ገጣጥሜው እያየሁት ሳለ ለምሳ ልትጠራኝ በሩን ከፈተች።

አባቴ በእርሻ ድንበር ጠብ በጥይት ነው የሞተው። ዘመዶች "ልጆቹ ይድረሱ እንጂ ደሙን ይመልሳሉ" ሲሉ እናቴ የአባቴን ጠመንጃ ሸጠች። ከገዳዩ ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ታረቀች። ወንድሜና እኔ መሣሪያ እንዳንነካ ብላ የሰውን ሐሜት ችላ ኖረች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የዋሸኋት።

አልጮኸችም። ቀርባ እጀታውን በጣቷ ነካችው።

"ይኸን በእጄ አስነከርከኝ?"

"ራሴን ልጠብቅበት ነው!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጥፋቴን ሳውቅ መቆጣት ልማዴ ነው።

"አባትህም ራሴን ልጠብቅበት ብሎ ነበር የያዘው።"

ልብሷን አጣጥፋ እዚሁ ቅርብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው እህቴ ደወለች። በዚያው ቀን ሄደች።

ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟግቼ ጠመንጃውን ለገዛሁበት ሱቅ መልሼ ሸጥኩ። ከሱቁ በቀጥታ እህቴ ቤት ነዳሁ።

"ሸጥኩት፣ እማ። ወላሂ ሸጥኩት።"

"አልሐምዱሊላህ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ገና ሳልቀመጥ ግን ወደ እህቴ ዞረች።

"ቁልፉን ተቀበይውና ሂጂ ቤቱን እይልኝ።"

"እማ፣ ፕሊስ! ሸጥኩት አለሽ እኮ" አለች እህቴ፤ ከእኔ ብሳ ደነገጠች።

"የአልጋውንም ሥር እይ" አለች እናቴ። ወደ እኔ አላየችም።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለእህቴ ሰጠኋት።