አባቴ ዝም ያሉበት ምርጫ

አባቴ ቄስ ወልደ ገብርኤል ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር አገልጋይ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ የንስሐ አባት ነበሩ። በቤታቸው አንድ የማያስደፍሩት ወግ ነበራቸው፤ በሬ የሚሸጥ ቢሆን፣ ጤፍ ይዘራ ወይስ በቆሎ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቤቱ ታናሽ ነው። ታናሿ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

«ፍሬሕይወት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው።

«ቦራው አይሸጥ፤ ግንባሩ ያምራል» እላለሁ።

ወንድሜ ስመኘው በሳቅ ይፈርሳል። እርሳቸው አይስቁም። «እሷ ሐሳቧን ተናገረች፤ አንተም ያንተን ተናገር» ይሉታል። የራሳቸውን የምንሰማው ሁላችንም ከጨረስን በኋላ ነው። «እኔ ከቀደምኩማ የምትመልሱልኝ የራሴን ቃል ነው» ይሉ ነበር። ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል! በየስብሰባው እጄን የማወጣ ነገረኛ ሴት ያደረገኝ እሱ ነው።

አድጌ ቡሬ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። በ2013ቱ ምርጫ ለክልሉ ምክር ቤት በግሌ ተወዳደርኩ። ከተማው ላይ ደህና ደጋፊ ነበረኝ፤ ማሸነፍ መሸነፌ ግን በአባቴ ደብር ሰዎች እጅ ነበር።

ምርጫው ሲቃረብ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ከበቧቸው። ልጅ ለመዳርም ሆነ በሬ ለመግዛት እርሳቸውን ሳይጠይቁ አይንቀሳቀሱም። «አባታችን፣ ልጅዎ ተወዳድራለች አሉ፤ እንዴት እናድርግ?» አላቸው ገነነ የሚባል ገበሬ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ጎን ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብቻ ቢሉልኝ! አባቴ መስቀላቸውን አሳለሙትና «ሄዳችሁ ምረጡ» ብለው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ተሸነፍኩ። ያውም በዚያው ደብር። በሰሞኑ ጎረቤታችን ማሚቱ ገበያ ላይ አገኘችኝና፣ «እኛስ አንቺን ጠልተን አይዶል። አባታችን በገዛ ልጃቸው ነገር ዝም ሲሉ፣ አትሆንም ማለታቸው ነው ብለን እንጂ» አለችኝ። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረውን ነው የሚያምነው።

እየነደድኩ ቤት ሄጄ ማሚቱ ያለችውን ነገርኳቸው። አባቴ ክው አሉ። ዝምታቸው እንዲህ ይተረጎማል ብለው አላሰቡም ነበር።

«እኔስ አንቺን ነበር የመረጥሁ» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ታዲያ አንድ ጊዜ ቢሉልኝ ምን ነበረበት፣ አባ?»

«ብልማ ያ ሁሉ ሰው እኔን ነበር የሚመርጥ፤ አንቺን መች ይሆናል?»

ያን ቀን አልተዋጠልኝም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሲተናነቀኝ ነው የሚያልፈው። አባቴ አምና አረፉ። ጓደኞቼ እንደገና ተወዳደሪ እያሉ ይወተውቱኛል፤ እወዳደርም ይሆናል። ግን በእርግጠኝነት የእኔ ነበር የምለው አንድ ድምጽ አሁን የለም።